«በነፃ ነው» የሚለው ወረቀት በሩ ላይ አለ፣ መርፌው ግን የለም

ለገሀር አካባቢ ከምሰራበት ህንፃ ጀርባ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ጠዋት አንድ ሰአት ተኩል ሳይሞላ ከሰሏን አቀጣጥላ ሲኒዎቿን ደርድራ ትጠብቀናለች፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። አንድ ማክሰኞ ግን ስወርድ ቦታው ባዶ ነው፣ በርጩማዎቹ ተደራርበው ጀበናው ተገልብጦ ተቀምጧል። በማግስቱ ምን ሆነሽ ነው ስላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር እህቴ፣ የሶስት ወሩን ልወጋ፣ የለም ብለውኝ ተመለስኩ፣ በሳምንትሽ ሞክሪ አሉኝ» አለችኝ። የሶስት ወሩ የምትለው የወሊድ መከላከያ መርፌውን ነው።

በሳምንቱ አብሬያት ሄድኩ። ካርድ ክፍል ተሰለፍን፣ ካርዷ እስኪወጣ አርባ ደቂቃ፣ ከዛ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በር ላይ አግዳሚው ላይ ተራ ይዘን ቁጭ አልን። በሩ ላይ «አገልግሎቱ በነፃ ነው» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል ብዙ ጊዜ የቆየ ይመስላል። ሲስተሯ ደህና ሰው ናት፣ ልጅቷን በስሟ ነው የጠራቻት፣ «የኔ ቆንጆ መርፌው አሁንም አልገባልንም፣ ኪኒን ልስጥሽ?» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። ኪኒን ለምን እንደማትፈልግ ኋላ ስንወጣ ነገረችኝ፣ አራት ሴት ሆነው በደባልነት አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፣ ልብሷ ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ነው፣ ኪኒን የሚደበቅበት ቦታ የለም፣ ማታ ማታ መዋጧን ሰው ካየ ደሞ ወሬው አገር ቤት እናቷ ጋር ይደርሳል። አንድ ልጅ አላት፣ እናቷ ጋር ነው የሚያድገው። መርፌውን የመረጠችው ስለማይታይ ነው፣ ክንዷ ላይ ከቆዳ ስር የሚቀበረውን ቀጭን ዘንግም የፈራችው በጣት ሲዳሰስ ስለሚታወቅ ነው።

በዛው ቀን ከግል መድሃኒት ቤት ገዝታ ክሊኒክ ከፍላ ተወጋች። የሁለት ቀን ትርፏን ነው የጨረሰችው። ከዛን ቀን ጀምሮ ይሄ «ነፃ» የሚባለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እየከፈለበት ነፃ እንደሆነ፣ ከፋዩ ሲቀር ምን እንደሚፈጠር ሳስብ ነው የከረምኩት፣ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ወደኋላ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማህበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ በዛን ጊዜ ስለ ወሊድ መከላከያ ማስታወቂያ መስራት በህግ የተከለከለ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሄራዊ የስነ ህዝብ ፖሊሲ ነው እነዚህን የህግ እገዳዎች ማንሳት ከስትራቴጂዎቹ አንዱ አድርጎ የጻፈው፣ ያኔ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚው 4 በመቶ ገደማ ነበር፣ እሱን 44 በመቶ እናደርሳለን ብሎ ነበር ፖሊሲው ያቀደው። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች ውስጥ 8 በመቶ ብቻ የሚጠቀሙ አገኘ። በ1997 ወደ 15፣ በ2003 ወደ 29፣ በ2008 ወደ 36፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደሞ 41 በመቶ ደረሰ። በሃያ አመት ውስጥ አምስት እጥፍ ማለት ነው፣ ይሄን የሰራ አገር ብዙ የለም፣ እኔ በዚህ ከልቤ ነው የምኮራው። የተሰራውም በቢሮ አይደለም፣ በ1995/96 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎችን ቀበሌ ድረስ አውርዶ፣ ቤት ለቤት እያስኬደ፣ ከ2001 ጀምሮ ደሞ በክንድ የሚቀበረውን የሶስት አመቱን ራሳቸው እንዲያስገቡ አሰልጥኖ ነው። በዛው ዘመን ውስጥ በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ከ100 ሺህ ህያው ልደት 871 የነበረው ወደ 412 ወርዷል፣ ይሄ ሁሉ በወሊድ መከላከያ የመጣ ነው አልልም፣ ግን ድርሻው ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ሁለት አይነት መድሃኒት አለ፣ ታካሚው ላያውቀው ይችላል ባለሙያው ግን በደንብ ያውቀዋል። አንደኛው በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚባለው ነው፣ አሞክሲሲሊን በሉት የደም ግፊት ኪኒን በሉት፣ ጤና ጣቢያው ይገዛዋል ለታካሚው ይሸጠዋል በሸጠበት መልሶ ይገዛል፣ ገንዘቡ ይሽከረከራል። ሁለተኛው የፕሮግራም መድሃኒት ይባላል፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ እነዚህ በነፃ ስለሚሰጡ የሚሽከረከር ገንዘብ የላቸውም። ከማእከል ተገዝተው በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ይወርዳሉ፣ ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ምን ያህል እንደተጠቀመና ምን ያህል እንደቀረው ሪፖርት አድርጎ ይጠይቃል፣ እንዲደርሰው ይጠብቃል። አሰራሩ ቢበዛ የአራት ወር ቢያንስ የሁለት ወር ክምችት ይኑርህ ነው የሚለው፣ ክምችቱ ሁለት ሳምንት ብቻ የሚያቆይ ከሆነ ደሞ አስቸኳይ ጥያቄ ማቅረብ አለብህ።

ይሄ ማለት ምንድነው፣ ላይ ግዢው ከዘገየ ታች ያለው ጤና ጣቢያ ምንም ማድረግ አይችልም። አሞክሲሲሊን ካለቀበት ካዝናው ውስጥ ባለው ብር ከሌላ አቅራቢ ሊገዛ ይሞክራል። መርፌው ካለቀበት ግን ከምን ሂሳብ አውጥቶ ይገዛዋል? ሲስተሯ «አልገባልንም» ያለችው ቃሉን ጠብቃ ነው፣ እጇ ላይ ያለ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጤና ጣቢያዎች ከአገልግሎት የሚያገኙትን የውስጥ ገቢ ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ከተፈቀደ ቆይቷል፣ ቀለምም ይቀቡበታል፣ ጓንትም ይገዙበታል፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ሲያክሙም ሂሳቡን አስልተው ከመድህኑ ይጠይቃሉ። ቤተሰብ ምጣኔ ግን በህግ ነፃ ከሆኑት አገልግሎቶች ውስጥ ስለሆነ ከታካሚዋም ከመድህኑም የሚገባ ነገር የለም። ነፃ መሆኑ ትክክል ነው፣ አንድ ሳንቲም እንዲከፈልበት አልፈልግም፣ ችግሩ የነፃውን ወጪ የሚተካ ሰው በግልፅ አለመቀመጡ ነው። በክንድ የሚቀበረውን ለማስገባት ዘንጉ ብቻ አይበቃም፣ ማደንዘዣ ሊዶኬይን ያስፈልጋል፣ ጓንት፣ ጎዝ፣ አልኮል፣ ለማውጣት ደሞ ምላጭ። እነዚህ ከየት ይምጡ? ከጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ። ሲያጥር «ጓንት ከውጪ ገዝተሽ ነይ» ይባላል፣ ከዛ ነፃው አገልግሎት ዋጋ ያወጣል ማለት ነው፣ ትንሽ ዋጋ ነው ትሉ ይሆናል፣ ለቤት ሰራተኛ ግን ትንሽ አይደለም፣ በዛ ላይ ፈቃድ የምታገኘው በሁለት ሳምንት አንድ እሁድ ሊሆን ይችላል፣ እሁድ ደሞ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ዝግ ነው።

ታዲያ እስካሁን ከላይ ሆኖ ማነው ሲገዛ የነበረው? መንግስት የራሱን በጀት መድቦ ያውቃል፣ ክልሎችም መድበው ያውቃሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን በተደረገው የቤተሰብ ምጣኔ ጉባኤም ኢትዮጵያ በየአመቱ በጀቷን እንደምትጨምር ቃል ገብታለች። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሸክሙ ያለው ለጋሾች ትከሻ ላይ ነበር፣ የተባበሩት መንግስታት የስነ ህዝብ ፈንድ፣ የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ፣ እንግሊዞቹ፣ ሌሎችም። በአለም ደረጃ ካየነው ለጋሽ መንግስታት ለቤተሰብ ምጣኔ ከሚያወጡት ውስጥ 40 በመቶ ገደማው የአሜሪካ ብቻ ነበር፣ ኮንግረሱ ከአስር አመት በላይ በየአመቱ 600 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሲመድብ ቆይቷል።

ከዛ ጥር 12 ቀን 2017 መጣ። ትራምፕ ቢሮ በገቡበት ቀን የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አቆሙ፣ ከአራት ቀን በኋላ ደሞ የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ የሚባለውን መለሱት (ከኛ ሜክሲኮ አደባባይ ጋር አይገናኝም፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሜክሲኮ ሲቲ በተደረገ ጉባኤ ላይ ይፋ ስለሆነ ነው)፣ እሱ የሚለው ውርጃን የሚመለከት ስራ የሚሰራ የውጭ ድርጅት የአሜሪካን ገንዘብ አያገኝም ነው፣ በሌላ ገንዘብ ቢሰራውም እንኳን። እኛ አገር ደሞ ከ1997 ጀምሮ ህጉ በተወሰኑ ሁኔታዎች ስለሚፈቅድ ሁለቱንም አገልግሎት አብረው የሚሰጡ ድርጅቶች ወይ ገንዘቡን ወይ ስራውን ምረጡ ይባላሉ ማለት ነው። ሰኔ መጨረሻ 2017 ላይ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። እንግሊዝም የእርዳታ በጀቷን ከብሄራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታወቀች።

በዛው ሐምሌ የተሰማው ዜና ነው እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው። ቤልጂየም ውስጥ ሄል የምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የወሊድ መከላከያ ተቀምጧል፣ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር፣ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው)፣ ኪኒን፣ የአሜሪካ ህዝብ ከፍሎ የገዛው፣ አብዛኛው ታንዛኒያ ኬንያ ኮንጎ ዛምቢያ ማሊ ሊሄድ የተዘጋጀ፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ እሱ ይቃጠል ተብሎ ተወሰነ። ለማቃጠያው ብቻ ከ160 ሺህ ዶላር በላይ ይወጣል ተባለ። ለኛ ስጡን፣ እኛ እንውሰደው ያሉ ድርጅቶች ነበሩ። ይሄን ያነበብኩት ስልኬ ላይ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው አግዳሚ ነው ፊቴ የመጣው።

አሜሪካኖቹ ለራሳቸው ሴቶችም ቢሆን ይሄ ነገር እንዳለቀለት አይታይም። ታይትል ቴን የሚባል ህግ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ኒክሰን የፈረሙት፣ ገቢዋ ከድህነት ወለል በታች የሆነች ሴት በነፃ፣ ከዛ ትንሽ ከፍ ያለች እንደ አቅሟ እየከፈለች የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት እንድታገኝ የሚያደርግ። በጀቱ ከአስር አመት ለሚበልጥ ጊዜ 286 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆሟል፣ ዋጋ ሲጨምር እሱ አልጨመረም። በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን ደንቡ ጥብቅ ሲሆንና ከዛም ኮሮና ሲጨመርበት በአመት 4 ሚሊዮን ገደማ የነበሩት ተጠቃሚዎች በሁለት አመት ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን ወረዱ። ይሄን የማነሳው የነሱን ፖለቲካ ለማውራት አይደለም፣ አንድ ነገር ስላስተማረኝ ነው፣ እንደዛ ሲጎተትም ከሃምሳ አመት በላይ የቆየው በስሙ የተጻፈ መስመር በጀቱ ውስጥ ስላለው ነው። ሊቀንሱት ሲፈልጉ በአደባባይ ነው የሚጨቃጨቁት፣ ማን እንደቆረጠ ይታወቃል። የኛ ቡና አፍዪ መርፌዋ ሲቀር ማን ነው የቆረጠብሽ ብትሏት ማንን ትጠራለች?

አሁን ደሞ ዶላሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ከዛም 130ን ተሻገረ። የወሊድ መከላከያ በዶላር ነው የሚገዛው። አንድ ምሳሌ ልውሰድ፣ በክንድ የሚቀበሩት እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት አንዱ 18 ዶላር ገደማ ነበሩ፣ ጌትስ ፋውንዴሽንና ሌሎች ለአምራቾቹ ለባየርና ለመርክ ብዛት እንደሚገዛ ዋስትና ሰጥተው ወደ 8 ዶላር ከ50 ወረዱ፣ ትልቅ ስራ ነው። በዛ ዋጋ ብናሰላው ዶላሩ በ57 ሲሆን 485 ብር ገደማ ይመጣል፣ በ130 ሲሆን 1,105 ብር። ለጋሹ በዶላር ሲከፍል ይሄ ለውጥ አይታየንም ነበር። በራሳችን ብር እንግዛ ስንል ግን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የሚጠብቀን፣ እና ሁለቱ ነገር በአንድ አመት ውስጥ ነው የደረሰብን፣ ለጋሹም ወጣ ብሩም ወረደ።

አሁን ይሄን 1,105 ብር ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብላችሁ ስታዩት፣ የአምስት አመቱን ከወሰድን ለአንዲት ሴት በአመት 221 ብር ማለት ነው። ለ100 ሺህ ሴቶች ገዝተን እንስጥ ብንል 110 ሚሊዮን ብር አካባቢ ይመጣል። የአዲስ አበባ ከተማ የ2018 በጀት 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። አካፍሉት፣ ከ10 ሺህ ብር ሶስት ብር ገደማ ነው የሚመጣው። ጓንቱን ማደንዘዣውን ትራንስፖርቱን ጨምራችሁ እጥፍ አድርጉት ቢባል እንኳን ስድስት ብር። ሂሳቡ የኔ ነው፣ ግምት ነው፣ ግን ከተማው አቅም የለውም የሚል መልስ እንደማያስኬድ ያሳያል።

«አዲስ አበባ እኮ ችግር የለባትም» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይመጣል። በ2008ቱ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ 1.8 ልጅ ነው የምትወልደው፣ የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር፣ ካገቡት ግማሹ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀማሉ፣ ሶማሌ ክልል 1 በመቶ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ካለ ወደ ክልል ይሂድ ነው ክርክሩ፣ ክልሎቹ እንደሚያስፈልጋቸው አልክድም። ግን አማካይ የሚባለው ነገር ቦሌ ያለችውን የባንክ ሰራተኛና ከሰንዳፋ ትናንት መጥታ ሰው ቤት የገባችውን የ17 አመት ልጅ ደምሮ ያካፍላል። የባንክ ሰራተኛዋ ጤና ጣቢያ አትሄድም፣ የግል ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ስቶክ አለቀ አላለቀ አይመለከታትም። ልጅቷ ግን ከጤና ጣቢያው ሌላ የላትም። በአገር ደረጃ ያው ጥናት እንዳገኘው ዘመናዊ መከላከያ ከሚጠቀሙት ከአስሩ ስምንቱ በላይ የሚያገኙት ከመንግስት ተቋም ነው። የመንግስቱ በር ሲዘጋ የሚቀሩት ድሆቹ ናቸው፣ አማካዩ ላይ ለውጡ ላይታይ ይችላል፣ እነሱ ላይ ግን ያልፈለጉት እርግዝና ሆኖ ይታያል።

መሀል ከተማው ደሞ ራሱ ተነቅሏል። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ በ2016 እና በ2017 በኮሪደር ልማቱ ስንት ሰፈር እንደተነሳ ታውቃላችሁ። የቀበሌ ቤት የነበራቸው ምትክ አግኝተው ወደ ዳር ሄዱ፣ በደባልና በተከራይ ተከራይ የነበሩት ደሞ እንደየአቅማቸው ተበተኑ። የኛዋ ልጅ ካዛንቺስ ነበር የምትኖረው፣ አሁን ጀሞ ነው፣ በሁለት ታክሲ ነው የምትመጣው። ካርዷ ግን መሀል ከተማ ነው ያለው፣ ስራዋም እዚሁ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ የሚጠይቀው የመድሃኒት መጠን ባለፈው ሁለት ወር በተጠቀመው ልክ ስለሚሰላ፣ ሰው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በአንዴ ሲፈልስ አንዱ ጋር ይተርፋል ሌላው ጋር ያልቃል፣ ይሄ የገንዘብ ችግር አይደለም፣ ግን ገንዘቡ ሲጠብ ይባባሳል፣ ምክንያቱም መጠባበቂያ የሚባል ነገር አይኖርም።

ለምን መርፌው ላይ እንደማተኩር ልንገራችሁ። በ2011ዱ ጥናት ካገቡ ሴቶች 27 በመቶው መርፌ ነው የሚጠቀሙት፣ በክንድ የሚቀበረው 9፣ ሉፕ 2፣ ኪኒን 2። መርፌ ማለት ደሞ በአመት አራት ጊዜ መምጣት ነው፣ በአምስት አመት ሃያ ጊዜ። አቅርቦቱ ሃያ ጊዜ ልክ መሆን አለበት፣ አንዷ ቀን ከተሳተች ክፍተት ነው። (ቀጠሮ ያለፈባችሁ ካላችሁ፣ የአለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሶስት ወሩ መርፌ ቀጠሮው ካለፈ እስከ 4 ሳምንት ድረስ መወጋት ይቻላል ነው የሚለው፣ ስለዚህ ዘገየሁ ብላችሁ አትቅሩ፣ አንዳንድ ቦታ የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ ብለው የሚመልሱም አሉ፣ በጥያቄ ብቻ እርግዝና አለመኖሩን የሚያረጋግጡበት ቅፅ አለ፣ ጠይቁ።)

ይሄን የሚያዩ ባለሙያዎች ሁሉንም ወደ ረጅም ጊዜው እናዙር ይላሉ፣ በሂሳብ ልክ ናቸው፣ አንዴ ከገባ አምስት አመት ስቶክ አያሳስብም። እኔ ግን እዚህ ላይ ፍርሃት አለኝ። በ2001 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በክንድ የሚቀበረውን ማስገባት ሲሰለጥኑ ማውጣት አልሰለጠኑም ነበር፣ ለማውጣት ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረባት ሴትየዋ። ገጠር ላይ ያ ማለት የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ደም በዝቶብኛል፣ ልጅ መውለድ ፈልጌያለሁ፣ ወይ በቃ አልፈልገውም ያለች ሴት ወዲያው የሚያወጣላት ሰው ካላገኘች፣ መከላከያው የሷ መሆኑ ቀርቶ የሪፖርቱ ይሆናል። በጀት ስንል የማስገቢያውን ብቻ ቆጥረን የማውጫውን ከረሳን ሴቶቹ ይሸሻሉ፣ ወሬውም ይዛመታል፣ ልክ ናቸውም። በ2008ቱ ጥናት መከላከያ ከጀመሩት ከመቶው 35 በአንድ አመት ውስጥ አቁመዋል፣ አንዳንዷ ማርገዝ ፈልጋ ነው፣ ሌላዋ ደሞ የጎንዮሽ ጉዳቱ አስቸግሯት የሚያዳምጣት አጥታ ነው። ማዳመጥም ሰአት ይፈልጋል፣ ሰአት ደሞ የሲስተሯ ደመወዝ ነው። በ2017 በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሰራተኞች ውል ሲቋረጥ አብሮ የሚቀንሰው አንዱ ነገር ይሄ ሰአት ይመስለኛል።

የውጭ አጀንዳ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ በእምነታቸው የሚቃወሙም አሉ። በእምነቱ ለማይፈልግ ሰው ማንም እንዲጠቀም አያስገድደውም፣ የማወራው ፈልጋ ሰልፍ ይዛ «የለም» ስለተባለችው ሴት ነው። የውጭ አጀንዳ የሚለው ግን ቆም ብዬ አሰብኩበት፣ እና በተወሰነ መልኩ ይገባኛል፣ የእናቶቻችን ማህፀን ጉዳይ ዋሽንግተን ላይ በአንድ ፊርማ የሚወሰን መሆን የለበትም። ታዲያ መፍትሄው ምንድነው፣ ራሳችን መግዛት ነዋ። በገዛ በጀታችን ከገዛነው ማንም አጀንዳ አይለውም፣ ማንም መጋዘን ዘግቶ አያቃጥለውም።

እንዴት ቢባል፣ ሶስት ነገር ይታየኛል፣ ከሶስቱ ትልቁ የመጀመሪያው ነው። ከተማ አስተዳደሩ ለወሊድ መከላከያ ግዢና ለተጓዳኝ ግብአቱ በስሙ የተጻፈ የበጀት መስመር ይክፈት፣ ምክር ቤት ላይ ሲቀርብ ቁጥሩ ይነበብ፣ አመቱ ሲያልቅ ስንት እንደወጣ ይነገር። ስም የሌለው በጀት መጀመሪያ ነው የሚቆረጠው፣ ማንም አይጮህለትም። ሁለተኛው የጤና መድህኑ ነው፣ ጤና ጣቢያዎች ነፃ ለሰጡት አገልግሎት ቢያንስ የጓንቱንና የማደንዘዣውን ወጪ የሚተካላቸው መንገድ ቢኖር፣ የመድህኑ ቋትም ሆነ የከተማው ድጎማ፣ «ከውጪ ገዝተሽ ነይ» ይቀራል። ሶስተኛው ቀላል ነው፣ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ቅዳሜና እሁድም በተራ ይከፈት።

ራስን በራስ የሚወጉት አይነት መርፌም አለ፣ ከቆዳ ስር ነው የሚሰጠው፣ መርፌውና መድሃኒቱ አንድ ላይ የታሸገ፣ ዋጋው ለህዝብ ገዢዎች 85 የአሜሪካ ሳንቲም የደረሰ። ለቤት ሰራተኞች ይሄ ብዙ ነገር ይቀይራል፣ አንዴ አሰልጥኖ የአመቱን ሶስት አራት ፍሬ መስጠት ይቻላል፣ ሰልፍ የለም፣ ፈቃድ ልመና የለም። የኛዋ ልጅ ግን ስነግራት ሳቀችና «የት አስቀምጠዋለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፌስታሏን ረስቼው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቡና ስትቀዳልኝ ቀጠሮ ካርዷን ከመቀነቷ አውጥታ አሳየችኝ፣ የሚቀጥለው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከቀኑ ሁለት ሳምንት በፊት ሄዳ መርፌው ገብቶ እንደሆነ ልትጠይቅ አስባለች፣ ካልገባ ብር መቆጠብ እንድትጀምር። ያን ቀን ጠዋት በርጩማዎቹ ጋር ሆኜ እቃዋን እጠብቅላታለሁ ብያታለሁ።